ማርሚታ ስለሚቆርጡ ልጆች

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን በዚሁ የደብዳቤ ገጽ ላይ አንድ አባት ከሐዋሳ የጻፉትን አነበብኩ። ሌሊት ሌሊት በሞተር ሳይክል ጩኸት እንቅልፍ አጥተዋል። ባለቤታቸው የደም ግፊት አለባቸው። ደብዳቤያቸውን የጨረሱት «ከተማው ሞተር የሚባለውን ነገር ይከልክልልን» ብለው ነው። ቡና እየጠጣሁ ነበር ያነበብኩት። ሁለቴ አነበብኩትና ጋዜጣውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እኔም ሐዋሳ ነው የምኖረው። ሞተር መንዳት ከጀመርኩ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለእሳቸው መልስ ከሞተረኞች ወገን መምጣት አለበት ብዬ ነው የምጽፈው።

አባቴ፣ በጩኸቱ ጉዳይ እውነት አለዎት። ከክልከላው ላይ ግን አብሬዎት መሄድ አልችልም። የግብርና ባለሙያው ገጠር ቀበሌ የሚደርሰው በሞተር ነው። መድኃኒት የሚያደርሰው፣ ዳቦ የሚያከፋፍለው፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራ የሚሮጠው በሞተር ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሞተር ስታግድ ምክንያቱ ወንጀል ነበር፣ በሞተር የሚፈጸም ቅሚያ። በሞተሩ ዕቃ እያደረሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ልጅም ከቀማኛው ጋር አብሮ ቆመ። የአክስቴ ልጅ አንዱ ነበር። ሞተሩን በርካሽ ሸጦ ነው ወደዚህ የመጣው። እዚህም እንዲህ ያለ ነገር እንዳይመጣ ነው ጭንቀቴ። የሚመጣም ከሆነ የሚያመጣው ጩኸቱ ነው፤ ጩኸቱን ደግሞ የምናመጣው እኛው ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ ሞተር ሲገዙ ድምፁ ያንስባቸዋል። ማርሚታውን፣ ማለትም ጭሱ የሚወጣበትንና ድምፁን የሚያፍነውን ዕቃ ይፈቱና ግቢ ውስጥ በብረት መቁረጫ ግራይንደር ኋላውን ይቆርጡታል። አንዳንዱ አይቆርጥም፣ ውስጡ ያለውን ባለ ቀዳዳ ቱቦ በፌሮ እየወጋ፣ እየቀጠቀጠ ያወጣዋል። ሌላው ጭራሽ ማርሚታውን አውልቆ ጥሎ ቀጥ ያለ ቧንቧ ያስበይዳል። ከዚያ ማታ ወጥቶ ሐይቅ ዳር ለጓደኞቹ ያስጮኸዋል። ሰርግ ካለማ አይነሳ። ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ሆነው ጆሯቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ይህን የምለው ከሩቅ አይቼ አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ።

በ2004 ዓ.ም. ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ሆንዳ ኤክስኤል ገዝቼ ነበር። አሮጌ ነው ግን ጨዋ ሞተር ነበር። ከመቶ ሜትር ላይ መምጣቱ አይሰማም። ጓደኞቼ «ይሄ ሞተር ነው የልብስ ስፌት መኪና?» አሉኝ። በማግስቱ እሑድ ግራይንደር ተዋስኩ። ማርሚታውን ፈታሁና ብረት የሚያጠብቅ ሞርሳ ስለሌለኝ በሁለት ድንጋይ መሀል አስይዤ፣ ታናሽ ወንድሜ በእግሩ ረግጦልኝ፣ የኋላውን ክዳን ቆረጥኩት። ውስጡ እንደ ንብ ቀፎ ነው። ግድግዳ አለ፣ ቀጭን ቱቦ አለ፣ ሌላ ግድግዳ አለ፣ ሁሉም በጥላሸት ጠቁሯል። ያን ሁሉ ጎትቼ አወጣሁት። በቦታው ከግቢያችን የውሃ መስመር የተረፈ ቧንቧ ቆርጬ አስገባሁና ጎረቤት ያለ በያጅ በየደልኝ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብረቱን እይዝለታለሁ። ነጭ ጭስ ወጣ፣ ብዙ ጭስ። ከምንም አልቆጠርነውም።

ያን ሌሊት ብርድ ብርድ አለኝ። ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ መገጣጠሚያዬን ቆረጠመኝ፣ አፌ ብረት ብረት አለኝ። የሐዋሳ ልጅ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው። ጠዋት ደሜን ታየሁ፣ ወባ የለም ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ። ምን እንደነበር ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ከአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ነው። የውሃ ቧንቧ እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ ነው። ሲበየድ ዚንኩ ይተንና ነጭ ጭስ ይሆናል። ያን የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ልክ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። እባካችሁ በዚህ ቧንቧ ማርሚታ አታሠሩ። ካሠራችሁም ዝግ ክፍል ውስጥ አይሁን፣ አጠገቡም አትቀመጡ። በያጁ ደግሞ ከእናንተ የባሰ ነው፣ ዕለት ዕለት እሱን ሲተነፍስ ነው የሚውለው።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። ሳስነሳው እናቴ ከኩሽና ደረቷን ይዛ ወጣች። «ምን ፈነዳ?» ነው ያለችው። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ለአንድ ወር ያህል ንጉሥ ነበርኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከፊት ለፊታችን የሚኖሩ እናት በር ላይ ጠብቀው አስቆሙኝ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ አንተ ስትመጣ ከሰፈሩ ጫፍ ጀምሮ እሰማሃለሁ። እስክትገባ ድረስ ልቤ አይመለስልኝም» አሉኝ። ሻል ያለ ነገር ልመልስላቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልነበረኝም።

በዚያው ዓመት ሞተሩ ጉልበት አጣ። ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጫፉ ነጭ ነው፣ እንደ ኖራ። ጤነኛ ካንዴላ ቀለሙ የተቆላ ቡና የመሰለ ቡናማ ነው። ቴስታታው፣ የሲሊንደሩ ክዳን ማለት ነው፣ ሲከፈት የጭስ ቫልቩ ጠርዝ ተበልቷል። ማርሚታ መቁረጤ ብቻ ነው ያበላሸው አልልም፣ የቫልቩ ክፍተትም ጠቦ ነበር፣ እኔም በወቅቱ አላስለካሁትም። ግን መካኒኩ ያስረዳኝ ነገር እስከ ዛሬ ልክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ካርቡራተሩ የቤንዚኑን መጠን የሚሰጠው ፋብሪካው ከገጠመለት ማርሚታ ጋር ተለክቶ ነው። ማርሚታውን ባዶ ስታደርገው ጭሱ ቶሎ ይወጣል፣ አየሩ በዝቶ ይገባል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ድብልቁ ይቀጥናል። ቀጭን ድብልቅ ደግሞ ሙቀት ይጨምራል። ጋዝ ስትለቁ «ፓ ፓ ፓ» እያለ የሚተፋውም አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው። ልጆቹ እሱን የሞተሩ ጉልበት ነው ይላሉ። ሞተሩ እያመመው ነው እንጂ ጉልበት አይደለም።

አንዳንድ መካኒክ ደግሞ «እኛ አገር ከፍታ ስለሆነ ማርሚታው ሲከፈት ይተነፍሳል» ይላል። ግማሽ እውነት ስላለበት ነው ሰው የሚቀበለው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ለቆላ የተለካ ካርቡራተር እዚህ ትንሽ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ ማርሚታ ሲቆረጥ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። በዚያው ሞተር ወደ ቆላ ወርዳችሁ በፀሐይ አንድ ሁለት ሰዓት ጋዝ ስትይዙለት ግን ያኔ ታዩታላችሁ።

አሁን ስለ ድምፁ ራሱ ላውራ፤ የኔ ጉዳይ እሱ ነው። እኔ የሞተር ድምፅ እወዳለሁ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ፣ መጀመሪያ ተንተን ብሎ ከዚያ ሲረጋጋ፣ ቆሜ እሰማዋለሁ። ጥሩ ድምፅ የፈለገ ልጅ አይፈረድበትም። ግን ጥሩ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለበት።

ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑ ሲቀጣጠል ፒስተኑን ይገፋል። ከዚያ የጭስ ቫልቩ ይከፈትና የታመቀው ጋዝ በአንዴ ይወረወራል። እያንዳንዱ ውርወራ አንድ ጩኸት ነው። የኛ ሞተሮች አብዛኞቹ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ናቸው፤ በየሁለት ዙሩ አንዴ ነው የሚተፉት። እንዲህ ያለ ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 50 ጊዜ ይተፋል። ማርሚታው ይህን ይቀበልና ከክፍል ወደ ክፍል ያዞረዋል። የድምፁ ሞገድ ከግድግዳ ነጥሮ ሲመለስ ከኋላው ከሚመጣው ጋር ይገናኛል፣ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ያ እኔ ጎትቼ ያወጣሁት ጥቁር ቆርቆሮ ሥራው ይህ ነበር። ሹሉን፣ ጆሮ የሚበሳውን ድምፅ በልቶ ወፍራሙን ያስቀረዋል። ማርሚታ ያለው ሞተር የሚያምር ወፈር ያለ ድምፅ ያለው ለዚህ ነው።

ዋሽንት የነፋ ሰው ሌላውን ያውቀዋል። ቱቦው ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲረዝም ይወፍራል። ልጆቹ የሚመኙት ወፍራም፣ ሆድ የሚነካ ድምፅ ነው። የሚያደርጉት ግን ቧንቧውን ማሳጠር ነው። ስለዚህ የሚያገኙት የተሰነጠቀ ጣሳ ድምፅ ነው፤ ብቻ በጣም የጮኸ ጣሳ። ቲክቶክ ላይ የሚያዩትን የሃርሊ ዴቪድሰን ድምፅ 150 ሲሲ ሞተር ላይ በግራይንደር ማምጣት አይቻልም። ያ ድምፅ ከማርሚታው አይደለም። ሁለት ትልልቅ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተጠጋግተው ስለቆሙ ምታቸው እኩል አይከፋፈልም፣ አንዱ ቶሎ ሌላው ዘግየት ብሎ ነው የሚመታው። የሚያነክሰው ለዚያ ነው። ኩባንያው ያን ድምፅ የንግድ ምልክቴ ይሁንልኝ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ አመልክቶ ነበር፣ በ2000 ማመልከቻውን ተወው። ድምፁ የሞተሩ አጥንት ነው ለማለት ነው። ከሌላ ሞተር ቆርጠህ አታወጣውም።

ባለ ሁለት ምት የሆኑትን፣ እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉትን የሚቆርጡትን ሳይ ደግሞ በጣም ነው የማዝነው። የዲቲን ቧንቧ ልብ ብላችሁ እዩት። መሀሉ ያበጠ ነው፣ ከዚያ ተመልሶ ይጠባል። ለውበት አይደለም። ባለ ሁለት ምት ሞተር የጭስ ቫልቭ የለውም፣ ሲሊንደሩ ጎን ላይ ቀዳዳ ነው ያለው፣ ስለዚህ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጭሱ ጋር አብሮ ሊወጣ ይሞክራል። ያ ያበጠ ቧንቧ ሞገዱን ልክ በሰዓቱ መልሶ በመላክ ሊያመልጥ ያለውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ዋልተር ካደን የተባለ የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኤምዜድ ፋብሪካ ውስጥ በዚህ ላይ ዓመታት ለፍቷል። በእሱ ሞተር ይወዳደር የነበረው ኤርንስት ዴግነር በ1961 ከድቶ ወጣና ያንን ዕውቀት ይዞ ለሱዙኪ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ሱዙኪ በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለአንድ ቧንቧ ቅርጽ ሲባል ስንት ነገር ተሆነ! እኛ ያንን ቧንቧ ግቢ ውስጥ በሴጌቶ፣ በብረት መጋዝ እንቆርጠዋለን። ከዚያ ሞተሩ ዳገት አልወጣ ሲል ቤንዚኑን እንረግማለን።

«ጩኸቱ ሕይወት ያድናል፣ የሲኖትራክ ሹፌር ይስማኝ» የሚሉኝ አሉ። ይህን በቅንነት የሚያምኑ ጓደኞች አሉኝ፣ ስለዚህ አልንቀውም። ግን አስቡት። የማርሚታው አፍ ወደ ኋላ ነው የዞረው። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፊትና ከመስቀለኛ መንገድ ነው። ሹፌሩ መስኮት ዘግቶ ሙዚቃ ከፍቶ ከሆነ እናንተን የሚሰማው አጠገቡ ስትደርሱ ነው። ከኋላችሁ ያለ የፎቅ ሰው ግን አሳምሮ ይሰማችኋል። ቀን መብራት አብርቶ መንዳት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የሚሠራ ክላክስ፣ እነዚህ ሰው ዓይን ውስጥ ያስገባሉ።

ጆሮአችሁንም አስቡለት። አሜሪካኖች ለሠራተኛ ጆሮ ባወጡት ምክር 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ላይ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። የተከፈተ ማርሚታ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ማታ ጆሮው ውስጥ «ጢዝዝ» የሚለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ይተዋል። ኋላ ኋላ አይተውም። የኔ ቀኝ ጆሮ አሁን ሌላ ክፍል ያለ ስልክ ሲጠራ አይሰማም። የሰባት ዓመቷ ልጄ «አባ፣ ስልክህ» እያለች ታመጣልኛለች። ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ እሷም ራሷ አንዳንዴ ታመልጠኛለች። ይህን ስጽፍ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት አንድ ነገር አለ። አሁን የመጣ ጨዋታ ነው። ልጁ በፍጥነት እየሄደ ቁልፉን ያጠፋል። ሞተሩ እየዞረ ስለሆነ ቤንዚን መሳቡን አያቆምም፣ እሳት ግን የለም። ያልተቃጠለው ቤንዚን የጋለ ቧንቧ ውስጥ ይጠራቀማል። ቁልፉን መልሶ ሲከፍተው ይፈነዳል። ልክ እንደ ጥይት ነው የሚጮኸው። ማርሚታን ከብየዳው ይቀደዋል፣ ይህ እንኳ የባለቤቱ ኪሳራ ነው።

አንድ ምሽት መንገድ ዳር ጀበና ቡና እየጠጣን ነበር። የምታፈላው ልጅ ጦርነት ካለበት አካባቢ ተፈናቅላ የመጣች ናት፣ ብዙም አታወራም። አንድ ሞተረኛ እያለፈ ያንን አደረገ። ልጅቷ ጀበናውን ለቀቀችው። ጀበናው ረከቦቱ ላይ ወድቆ አንገቱ ተሰበረ፣ ትኩሱ ቡና እግሯ ላይ ፈሰሰ፣ እሷ ግን አላየችውም። መሬት ላይ ተኝታለች፣ እጇ ራሷ ላይ ነው። ስናነሳት «የት ነው? የት ነው?» ትል ነበር። ልጁ ምን እንዳደረገ እንኳ አያውቅም። ሄዷል። ክፉ ልጅ አይመስለኝም፣ ድምፁን የወደደ ልጅ ነው። ግን በዚህ አገር፣ በዚህ ጊዜ፣ የተኩስ ድምፅ መንገድ ላይ ማሰማት ጨዋታ ሊሆን አይችልም። ስንቱ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሰማ አናውቅም።

ታዲያ ሞተሩን የሚወድ ልጅ ቤቱ ምን ያድርግ? ብዙ ነገር አለ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ሞተር አስነስታችሁ የማርሚታውን አፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ጫን አድርጉት። የሆነ ቦታ «ፍስስ» ካለ ያ ቦታ ይተነፍሳል። አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧው ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ነው፣ ዙሪያው በጥላሸት ይጠቁራል። እዚያ መገጣጠሚያውን የምትደፍነውን ጓርኒሲዮን መቀየር ብዙ ወጪ የለውም። እሷን ቀይሮ ሁለቱን ዳዶ እኩል ማጥበቅ የሞተሩን ድምፅ ምን ያህል እንደሚለውጠው ያላየ አያምንም። ያ «ጠጠጠ» የሚለው ቀጭን ድምፅ ይጠፋል፣ ከሥር ያለው ወፍራሙ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ማርሚታውን ከሻንሲው፣ ከሞተሩ ዋና ብረት ጋር የያዙትን ቡሎኖችና ላስቲኮች እዩ። የሞተር ጩኸት የሚመስለን ብዙው የላላ ብረት ነው። ቫልቩን አስለኩ። ካቴናውን (ሰንሰለቱን) አጽድታችሁ ዘይት ስጡት።

ስለ ዝገትም አንድ ነገር ልበል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ነው የሚፈጥረው፣ በእንፋሎት መልክ። ሞተሩ ሳይሞቅ ቅርብ ቅርብ ከተመላለሰበት ውሃው ማርሚታው ውስጥ ይቀራል፣ ከውስጥ ይበላዋል። ማርሚታው ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ለዚህ ነው፤ ስህተት መስሏችሁ አትድፈኑት። በሳምንት አንዴ ረዘም ያለ መንገድ ይዛችሁት ውጡ።

ድምፁን የግድ መለወጥ የሚፈልግ ካለ ፋብሪካው የሠራውን አይንካ። ሌላ ማርሚታ ያሠራ። ባለ ቀዳዳ ቱቦ መሀል ላይ፣ ዙሪያው ሙቀት የሚችል ፋይበር የተጠቀጠቀ፣ ዚንክ ከሌለው ላሜራ የተሠራ። ይህ ሹሉን ድምፅ ይውጣል፣ ወፍራሙን ያሳልፋል። ሲያበይድ የባትሪውን ገመድ ይፍታ፣ ማርሚታውም ከሞተሩ ወርዶ ራቅ ብሎ ይበየድ፤ ቤንዚን ታንክ አጠገብ እሳት የሚያበራ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ከዚያ ካርቡራተሩን በሚያውቅ ሰው ያስለካ፣ የካንዴላውን ቀለም ያይ። የጋለው ብረት ላይ መከላከያውን መልሶ ይግጠም። ስንት ሞተር የተከራየ ሰው ነው ቀኝ ባቱ ላይ የማርሚታ ጠባሳ ይዞ የሚሄደው።

በስልክም ቢሆን ይለካ። የስልኩ መለኪያ ልክ ላይሆን ይችላል፣ ግን በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ያሳያል። በዓለም ላይ የቆመ ሞተር የሚለካበት መንገድ ቀላል ነው። ከማርሚታው አፍ ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ፣ በ45 ዲግሪ ጎን ላይ ይቆማል፣ ጋዝ ይሰጣል፣ ይነበባል። 10 ዴሲቤል ከጨመረ የሰው ጆሮ እጥፍ ሆኖ ነው የሚሰማው።

ይህን የምጽፈው ለከተማው አስተዳደርም ጭምር ነው። ሕግ የለም አይባልም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1225 ሰው በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና ባለፈ በጭስ፣ በመጥፎ ጠረንና በጩኸት እንዳያውክ ይከለክላል። የአካባቢ ብክለት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ስለ ጩኸት ያነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር የሌሊት የመንገድ ጩኸት ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይላል። ስለዚህ ሞተርን ከማገድ በፊት አንድ መለኪያ ለትራፊክ ፖሊስ ይሰጠው። ማርሚታው የተቆረጠውን ያስቁመው። ቅጣት ብቻ አይሁን፣ ሁለት ሳምንት ሰጥቶ «አስተካክለህ ተመለስ» ይበለው። ማርሚታው ሙሉ የሆነውን ደግሞ በሰላም ያሳልፈው። እኛ ሞተረኞችም የራሳችንን ልጆች እንምከር። ሕፃን የተኛበት ሰፈር ስንደርስ ጋዝ ለቀን በከፍተኛ ማርሽ ቀስ ብለን እንለፍ። ይህ ምንም አያስወጣም።

አባቴ፣ ደብዳቤዎን የጻፉት እርስዎ፣ ሰፈርዎ የት እንደሆነ አላውቅም። ለባለቤትዎ ምሕረቱን ይላክላቸው። ከእነዚያ ሌሊት ከሚያልፉት ልጆች የማውቀው ካለ አነጋግረዋለሁ።

ልጆቹም ይህን ካነበባችሁ፣ የቆረጣችሁትን ቁራጭ ለቆሻሻ ሰብሳቢ አትስጡት። ክዳኑና ውስጡ የነበረው ቱቦ ካለ መልሶ መበየድ ይቻላል። እኔ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። አሁን ሞርሳም መበየጃም አለኝ፤ ለሠፈሬ ልጆች ሦስት መልሻለሁ፣ አራተኛው ማርሚታ አሁን ግቢዬ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባለቤቱ ክዳኑን እየፈለገ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሞተረኛ፣ ከሐዋሳ